የምሳ ዕጣ

ትርሲት መልቀቂያዋን ያስገባችው ሰኞ ጠዋት ነው። የመግቢያው በር እንደ ሁልጊዜው «ከእኛ ጋር ስንት ዓመት ለመቆየት አስበሻል?» ሲላት ጡጫዋን ጨብጣ አሳየችው። በሩ ይህን ጥያቄ ለሁሉም ሠራተኛ በየጠዋቱ ያቀርባል፤ መልሱ በጣት ነው። አብዛኛው ሰው አምስት ጣቱን ዘርግቶ እያዛጋ ያልፋል። እድገት የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም እጁን ይዘረጋል። ትርሲት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አምስት ስታሳይ ኖራለች። በሩ ጡጫ ሲያይ ጥቂት ዘገየ፤ ከዚያ ተከፈተ።

ምሰሶ የሊፍት ጥገና ድርጅት የአራብሳን ረጃጅም ብሎኮች ሊፍቶች ይጠግናል። ብሎኮቹ ከአርባ ፎቅ አያንሱም። ሊፍት የቆመ ቀን ሽማግሌ ከቤቱ አይወጣም፣ ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት አትደርስም፣ ሬሳም አይወርድም። ስለዚህ ጥሩ የሊፍት ሠራተኛ እንደ ጥሩ ወጌሻ ይፈለጋል፤ አንዱ ድርጅት ያሠለጠነውን ሌላው ይወስደዋል። ትርሲት መዳፏን ከሊፍቱ ሐዲድ ላይ አሳርፋ ዐይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ ብልሽቱን መሣሪያዎቹ ከማወቃቸው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ታውቀዋለች። እንዴት እንደምታውቀው ለማስተማር ብዙ ሞክራለች። ከሠልጣኞቿ መካከል ሁለቱ ብቻ ገብቷቸዋል።

ድርጅቱ ሰው አያያዝ ያውቃል ይባላል። አራተኛው ፎቅ ላይ ሠራተኛ እንዳይለቅ የሚሠራ የማቆያ ክፍል አለ። ሰገነቱ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ የተጻፈበት አንድ ችግኝ አለው፤ በየዓመቱ ወደሚሰፋ ማሰሮ ይዛወራል። የትርሲት ወይራ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ወገቧ ጋ ደርሷል። አንድ ሰው ሲለቅ ችግኙን የሚነቅልበት የለም። ውሃ የሚያጠጣው ማሽን ግን የሚያውቀው በሥራ ላይ ያሉትን ስሞች ብቻ ነው። ሰገነቱ ላይ ምሳ የሚበላ ሰው ማን እንደለቀቀ ከቅጠሉ ያውቃል።

ምሳ ለሁለት በአንድ ትሪ ነው የሚቀርበው። ማን ከማን ጋር እንደሚበላ በየሦስት ወሩ ዕጣ ይወጣል፤ ሰው ከሰው እንዲላመድ ነው ተብሏል። ዕጣው በወጣ ቁጥር አዳራሹ ይተራመሳል፤ ተኮራርፈው የነበሩ አንድ ትሪ ላይ ይገጥማሉ፣ ሊጋቡ የደረሱ ይለያያሉ። ትርሲት እና ምንትዋብ ግን በሠላሳ ስድስት ዕጣ አንድም ጊዜ ተለያይተው አያውቁም። ትሪያቸው አሥራ ሰባት ቁጥር ነው፣ መስኮቱ ሥር።

ምንትዋብ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት መዝጋቢ ናት፤ ትርሲትን በአምስት ዓመት ትበልጣታለች፣ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ሰዎች ስለ ሁለቱ ብዙ ይቀልዱ ነበር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንድ ጊዜ «እናንተን ያጣመራችሁ ዕጣ አይደለም፣ ስለት ነው» ሲላቸው ምንትዋብ ጎርሳ እስክትውጥ አስጠበቀችውና «እግዜር ያጣመረውን ማሽን አይለየውም» አለችው። አዳራሹ ሳቀ። ትርሲትም ከሁሉ በላይ ሳቀች። የዚያን ቀን ማታ ቤቷ ገብታ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔንም የሚያስታውሰኝ አለ ማለት ነው፣ ብላ አስባ ነበር።

መልቀቅ ያሰበችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ለምንትዋብ ስትነግራት ምንትዋብ አልከለከለቻትም። አብረን እንሂድ አለቻት። ደሴ እንውረድ፤ የራሳችንን ጥገና ቤት እንክፈት፤ በዓመት አሥር ልጃገረዶች እናሠልጥን፤ አንቺ መዳፉን ታስተምሪያቸዋለሽ፣ እኔ ዕቃውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ጨዋታቸው ይኸው ሆነ። የጥገና ቤቱን ካርታ በእጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ሣሉ። ስለ በሩ ቀለም ሁለት ሳምንት ተከራክረው ሰማያዊ ይሁን ተባባሉ። የመነሻው ቀን ሲደርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገጥም ነበር። ከጾሙ በኋላ፣ ከክረምቱ በኋላ፣ የምንትዋብ ልጅ ፈተናዋን ከጨረሰች በኋላ።

ዘንድሮ ደሴ ያለች የአክስቷ ልጅ ሆጤ ሰፈር አንድ ባዶ ቤት አገኘችላት። አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ፈለገ። ትርሲት አንድ ሌሊት አሰበችበትና አንዳችን ካልቀደምን ሁለታችንም እዚሁ እናረጃለን ብላ፣ ምንትዋብን ሳታማክር መልቀቂያዋን አስገባች። ኋላ እጇን ይዤ አስወጣታለሁ ነበር ሐሳቧ። ምሳ ላይ ስትነግራት የምንትዋብ እጅ ወጡ ላይ ቆመ። ከዚያ «ደግ አደረግሽ» አለችና አጎረሰቻት። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ትርሲት አፏ ሞልቶ መናገር አቃታት።

በሠራተኛ አዋጁ መሠረት መልቀቂያ የሚጸናው ድርጅቱ ሽማግሌ ልኮ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ብቻ ነው። አዋጁ ሲወጣ ነባር ባህልን የሚያከብር ተብሎ ተወድሶ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ትልቅ ድርጅት በቋሚነት የቀጠራቸው ሽማግሌዎች አሉት። የምሰሶዎቹ ሦስት ናቸው፤ የቀድሞ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጋሽ ደርበው፣ አንድ ድምፃቸው የማይሰማ ሐጂ፣ እና እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ነጭ የለበሱ ሴት። ከአሥር መልቀቂያ ሰባቱን ያስመልሳሉ ይባላል።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ትርሲት ቤቷን አጽድታ፣ ሦስት ወንበር ደርድራ ጠበቀቻቸው። ወንበሩ ለወጉ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም። ሦስቱም ከልብሳቸው ሥር የጉልበት ድጋፍ ታጥቀዋል፤ ድጋፉ ሰውን አምስት ሰዓት ሙሉ ያቆማል። ዝም ሲሉ ዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ትርሲት ከልማድ የተነሳ የሐጂው የግራ ድጋፍ ዘይት እንደሚያስፈልገው አወቀች።

ጋሽ ደርበው መረቁ። ስለ እጇ ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ እጅ በትውልድ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው አሉ። የምሰሶ ቤት ቅር ያሰኘሽ ነገር ካለ ይቅር በይው አሉ። ትርሲት ቅር ያሰኛት ነገር እንደሌለ፣ የራሷን ጥገና ቤት መክፈት ብቻ እንደምትፈልግ አንገቷን ደፍታ መለሰች። ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው ነበር የሰነበተችው።

ጋሽ ደርበው ይህን የጠበቁት ይመስል ፈገግ አሉ። መዳፋቸውን ገልጠው አንድ ጊዜ አዩና ቀጠሉ። ድርጅቱ ማሠልጠኛ ሊከፍትላት ወስኗል። በዓመት አሥር ልጃገረዶች ታሠለጥናለች። ኃላፊዋ እሷ ናት። በሩ ሰማያዊ ይሆናል።

ትርሲት ቀና አለች። ሰማያዊ በር ብዙ ቦታ አለ፣ ብላ ለራሷ ነገረችው።

«ስሙም ወጥቶለታል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ደርበው። «ማዕዶት ይባላል።»

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ትርሲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቷ በሃምሳ ሁለተኛ ቀኗ ሞተች። ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ ሚጣ ይሏት ነበር። ትርሲት ስም መርጣላት ነበር። ለባሏም ለእናቷም አልነገረችም፤ የክርስትናው ዕለት ድግሱ መሃል ቆማ ልትናገረው ነበር ያሰበችው። ድግሱ ሳይደገስ ቀረ። ባሏም በዓመቱ ሄደ። ስሙን ከዚያ በኋላ በአፏ ያወጣችው አንድ ጊዜ ነው፤ ከሰባት ዓመት በፊት፣ እሷና ምንትዋብ ዕቃ ይዘው ሲወጡ ሊፍት ሠላሳ አንደኛው እና ሠላሳ ሁለተኛው ፎቅ መካከል ይዟቸው የቆመ ዕለት። ሁለት ሰዓት ተኩል ወለሉ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ምንትዋብ ስለ ልጇ ምጥ አወራች። ትርሲትም አወራች። ስሙን ስትናገር ምንትዋብ የትርሲትን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስደግፋ ይዛት ነበር።

«ይህን ስም ማን ነገራችሁ?» አለች ትርሲት።

ጋሽ ደርበው እንደገና መዳፋቸውን አዩ። እዚያ ያለው ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። «እኛ የተሰጠንን ነው የምንለው፣ ልጄ» አሉ።

እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተናገሩት እትዬ የሺመቤት ትርሲትን ትክ ብለው ሲያይዋት ቆይተው «የማን ስም ነው?» አሏት።

«የልጄ።»

«የት አለች?»

ትርሲት ዐይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የጉልበት ድጋፋቸውን ማሰሪያ ፈቱ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ጋሽ ደርበው ዝቅ ባለ ድምፅ ስማቸውን ጠሯቸው፤ አልሰሙም። ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው አዘቀዘቁት። «እግዜር ያጥናሽ» አሉ።

ማንም ለዚያ ስም እንዲህ ብሏት አያውቅም ነበር። ሽማግሌ ሳይፈጸምለት ከተቀመጠ ደግሞ ሽምግልናው ፈረሰ። ሁለቱ ወንዶች እጅ ነስተው ወጡ። እትዬ የሺመቤት አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ቆዩ፤ ከዚያ በራሳቸው ጉልበት፣ ግድግዳ እየያዙ ሄዱ።

እሑድን ትርሲት ወደ ኋላ ስትቆጥር ዋለች። እናቷ የታመመች ጊዜ ፈረቃዋ ሳትጠይቅ ተቀይሮላት ነበር። የሥራ ጫማዋ ሲመጣ የግራው ብቻ ሰፋ ብሎ ተሰፍቶ ነበር፤ የግራ እግሯ ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ልደቷን እንደማትወድ ማንም ሳይነግረው ቤቱ ልደቷን ዘለለው። ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱ ሰው ያውቃል ትል ነበር፤ ለሠልጣኞቿም እንደዚያ ብላ ነግራቸዋለች። አሁን እያንዳንዱ ነገር የት እንደተነገረ አስታወሰች። ሁሉም አሥራ ሰባት ቁጥር ትሪ ላይ ነበር የተነገረው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ምንትዋብ ቀድማ ተቀምጣ አገኘቻት። እንደ ልማዷ ሚጥሚጣውን ወደ ትርሲት ወገን አዙራዋለች። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ትሪው አልዘረጉም።

«መጡ?» አለች ምንትዋብ።

«መጡ። ስሟን ጠሩት።»

ምንትዋብ አልካደችም፤ አላለቀሰችምም። መስኮቱን አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ትርሲት።

«ከመጀመሪያው ዕጣ።»

ትርሲት ሌላ መልስ ጠብቃ ነበር። መሃል ላይ የተጀመረ፣ ተገዳ የገባችበት ነገር እንዲሆን ፈልጋ ነበር፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ልታተርፍ።

ምንትዋብ ቀሪውን እንደ ዕቃ ዝርዝር ነገረቻት። የግምጃ ቤት መዝጋቢነቷ የይስሙላ ነው፤ የሥራ መደቧ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው ያለው። መጠሪያው «ባልንጀራ፣ ደረጃ ሁለት» ይባላል። ከአምስት መቶው ሠራተኛ እንደሷ ያሉት ስድሳ ያህል ናቸው። ሰው ጥሩ ደመወዝ ትቶ ይሄዳል፣ ባልንጀራውን ትቶ ግን አይሄድም፤ ይህን ድርጅቱ በጥናት ደርሶበታል። በየሐሙሱ ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ ላይ «ለሌላ ለማንም ያልነገረችው» የሚል አንድ መስመር አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ባዶውን መልሳዋለች፤ ተገምግማበታለች፣ እድገቷም በእሱ ምክንያት ዘግይቷል።

«ታዲያ አሁን ለምን?»

«መልቀቂያ አስገባሽ። አንቺ ከሄድሽ መደቤ ይዘጋል አሉኝ። ሥራዬ አንቺ ነሽ፣ ትርሲት። ልጄ ደግሞ ገና ፈተናዋን አልጨረሰችም።»

ልጄ የሚለውን ቃል ትርሲት ሰማችው። ምንትዋብም ከአፏ ከወጣ በኋላ ሰማችው።

«ደሴስ?» አለች ትርሲት።

ምንትዋብ የእጅ መጥረጊያ ወረቀቷን አጣጠፈች። በክፍሉ መመሪያ ላይ፣ መሄድ ያሰበ ሰው አትሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ አብረን እንሂድ ያሉት ግን ሦስት ዓመት ይቆያል፣ የሚል እንዳለ ነገረቻት። ትርሲት በልቧ ቆጠረች። ልክ ሦስት ዓመት ነው።

«ሰማያዊውን ግን እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለች ምንትዋብ። «እሱን ማንም አላዘዘኝም።»

ትርሲት ተነሣች። ምንትዋብ ካንገቷ ቀና ሳትል «አሁን እኔ ከማን ጋር ልበላ ነው?» አለቻት። ቀልድ ይሁን ልመና አይታወቅም። ሽሮው ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቶ ነበር።

ዓርብ የመጨረሻ ቀኗ ነበር። መሬት ላይ ካለው አዳራሽ ጎን ማሠልጠኛው ተሠርቶ አልቋል፤ ሥራው ሽማግሌዎቹ ከመላካቸው በፊት ተጀምሮ ነበር ማለት ነው። በሩ ሰማያዊ ነው። ከበሩ በላይ የነሐስ ሰሌዳ ላይ ስሙ በትልልቅ ፊደላት ተቀርጿል፤ በአራት ብሎን ተይዟል። ትርሲት መሰላል አቆመች። ዘበኛው በሥራ ላይ ያለች መስሎት መሰላሉን ያዘላት፤ ስለ ሙቀቱም አወሩ። አራቱን ብሎኖች ፈትታ ኪሷ ከተተች፤ ሰሌዳውን በጨርቅ ጠቅልላ ከመሣሪያዎቿ ጋር ያዘችው። ለዘበኛው ለጥገና ነው አለችው።

ሰገነት ወጥታ ወይራዋን አየችው። ከሰኞ ጀምሮ ውሃ አልጠጣም፤ ወይራ ስለሆነ ገና አላስታወቀም። በእጅ መታጠቢያው ጎድጓዳ ሳህን ሦስት ጊዜ አመላልሳ አጠጣችው። ለስንት ቀን እንደሚበቃው አታውቅም።

ስትወርድ በምግብ አዳራሹ በር በኩል አለፈች። ዕጣ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ያለ ወራቱ ነው የወጣው። የምንትዋብ መደብ አልተዘጋም። አሥራ ሰባት ቁጥር ትሪ ላይ ከፊት ለፊቷ ሕሊና ተቀምጣለች፤ ትርሲት መዳፉን ካስተማረቻቸው ሁለት ሠልጣኞች አንዷ። ሕሊና አንድ ነገር ስታወራ ምንትዋብ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከዚያ እጇን ሰደደችና ሚጥሚጣውን ወደ ልጅቷ ወገን አዞረችው።

ትርሲት በደረጃው ወረደች።

የደሴው ጥገና ቤት ከተከፈተ አምስት ወር ሆነው። የንግድ ፈቃድ ቅጹ ላይ የድርጅቱ ስም በሚለው ቦታ «ጥገና» ብላ ሞላች፤ በሩን ቡናማ ቀባችው። የነሐስ ሰሌዳው የኋላው ግድግዳ ሥር ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ሥራ አለ። ሠልጣኝ አልያዘችም።

ጎረቤቷ አሚናት ትባላለች፤ መስታወት ትቆርጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ምሳዋን ይዛ መጣችና ብቻ መብላት ነውር ነው ብላ ተቀመጠች። ማንም ዕጣ አላወጣም። ትርሲት ግን አሚናት ማን እንደሆነች፣ መስታወት ቤቱን ከመቼ ጀምሮ እንደያዘች፣ ምሰሶ የሚባል ድርጅት ሰምታ ታውቅ እንደሆነ ሌሎች ጎረቤቶችን ጠይቃለች። አሚናት እዚያው ሆጤ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷም መስታወት ቆራጭ ነበሩ።

አንድ ቀን አሚናት የዞረውን ሰሌዳ አይታ ምንም አልጠየቀችም። ሌላ ቀን፣ እጇን እየታጠበች፣ ልጅ ወልደሽ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። ትርሲት አንዲት ነበረችኝ፣ በሃምሳ ሁለት ቀኗ ሄደች አለች። አሚናት ውሃውን ዘጋች።

«ስሟን ማን አልሻት?»

ትርሲት የልጇ ያልሆነ ስም መረጠች። «ሶልያና» አለች።

አሚናት ስሙን በቀስታ ደገመችው። አላህ ያጥናሽ አለች፤ ዐይኗንም በእጇ ጀርባ ጠረገች። ትርሲት አፈረች። ቢሆንም አላረመችውም።

ከዚያ ወዲህ ትርሲት ታዳምጣለች። ደንበኛ ሲመጣ፣ ሻጭ ሲደውል፣ ከአዲስ አበባ ማስታወቂያ ሲደርሳት፣ ያ የውሸት ስም ከሌላ ሰው አፍ ይመለስ እንደሆነ ታዳምጣለች፤ መዳፏን ሐዲድ ላይ እንደምታሳርፈው ሁሉ። እስካሁን አልተመለሰም። አሚናት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳህኗን በጨርቅ ሸፍና ትመጣለች፤ ሶልያና የሚለውን ስም ደግማ አንሥታው አታውቅም።

ትርሲት ለራሷ ቀጠሮ ይዛለች። ያ ስም ዘጠኝ ዓመት ካልተመለሰ ለአሚናት እውነተኛውን ትነግራታለች።